የአየር ግፊት የማይነካው መለኪያ፦ አዳማ ላይ ስለሲሊከን የጨረር ዳሳሽ የተነሳው ክርክር

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደውን ክርክር፣ የከፈተው አዳማ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር ወጣት ነው። የጻፈው አጭር ቢሆንም ደፋር ነበር። ለካንሰር ታካሚ የሚሰጠው የጨረር መጠን በዓለም ዙሪያ በዋናነት የሚለካው አዮን ቻምበር በሚባለው መሣሪያ ነው፤ ጨረሩ በቻምበሩ ውስጥ ያለውን አየር ሲመታ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተሰብስቦ ይቆጠራል። ቻምበሩ ከውጭው አየር ጋር ስለሚገናኝ የአየር ግፊት ሲቀንስ በውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፣ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሲሊከን ግን ጠጣር ነውና የአየር ግፊት አይነካውም። እንግዲያው ከፍ ባለ ምድር ለምንኖር ሰዎች የሚበጀው ከሲሊከን ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ከሚያሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) የተሠራ መለኪያ ከሆነ፣ ቻምበሩን ትተን ዳዮዱን ለምን እዚሁ አዳማ አንሠራም? የመምህሩ ጥያቄ ይህ ነበር።

ምላሾቹ ከሠላሳ በላይ ሆኑ። ክሩ ስለረዘመ ብዙ አንባቢ መሐል ላይ ጥሎት እንደሚሄድ አይቻለሁ፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ያለው ከመሐል ወዲያ ነው። እኔም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ስለሆንሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግሁም። ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየጠራሁ እተርካለሁ፤ ተገቢ መስሎ በታየኝ ቦታም የራሴን አስተያየት እጨምራለሁ።

1ኛው ምላሽ የአንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ጠያቂውን ካመሰገነ በኋላ የሲሊከንን ብርታት በቁጥር አስቀመጠ። በአየር ውስጥ አንድ ጥንድ አዮን ለመፍጠር 34 ኤሌክትሮን ቮልት (እጅግ ትንሽ የጉልበት መለኪያ) ገደማ ያስፈልጋል፤ በሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ተነስቶ ቀዳዳ እንዲተው ግን 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል። የሲሊከን እፍጋት ደግሞ የአየርን ወደ 2,000 እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱ ሲባዙ፣ በይዘት እኩል ከሆነ አየር ይልቅ ሲሊከኑ 18,000 እጥፍ ያህል ቻርጅ ይሰጣል። በየሆስፒታሉ የተለመደው 0.6 ሴንቲሜትር ኩብ የሚይዘው የፋርመር ቻምበር ለአንድ ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) የሚሰጠው 20 ናኖኩሎም (የቻርጅ መለኪያ) ገደማ ነው። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ 1 ሚሊሜትር ኩብ ሲሊከን ግን ከ600 ናኖኩሎም በላይ ይሰጣል። ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚናገር መለኪያ ማለት ይህ ነው።

2ኛውን የጻፈችው እናቷን ለጨረር ሕክምና ከአዳማ አዲስ አበባ ስታመላልስ የነበረች ሴት ናት። ስለዳዮድም ሆነ ስለቻምበር ምንም እንደማታውቅ ጠቅሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ማሽኑ በዚያች ዕለት ለእናቷ የታዘዘውን ያህል መስጠቱን ያረጋገጠ ሰው ነበር? እናቷ በተኙበት አልጋ ላይ፣ በሰውነታቸው ላይ ተለጥፎ የሚለካ ነገር አላየችም። ጥያቄዋ ብዙ ሰው ሳያስተውለው አለፈ። እኔ ግን ከክሩ ሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ሲሊከን እውነተኛ ቦታው የት እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

በ3ኛው ምላሽ አንድ አንጋፋ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ገቡ። አነጋገራቸው የታረመ ቢሆንም እርማታቸው ጥብቅ ነበር። የግፊቱ ችግር መፍትሔው በአንድ መስመር ቀመር የሚያልቅ መሆኑን አስረዱ። ቻምበሮች መነሻ የሚያደርጉት 20 ዲግሪ ሴልሺየስንና 101.325 ኪሎፓስካልን ነው፤ የዕለቱ ሙቀትና ግፊት ከዚህ ሲለይ ንባቡ በማስተካከያ ቁጥር ይባዛል። አዳማ ላይ ግፊቱ ከ82 እስከ 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ስለሚሆን ቁጥሩ ወደ 1.23 ይጠጋል። ጥሩ ባሮሜትርና ጥሩ ቴርሞሜትር ያለው ሰው በየዕለቱ የሚያደርገው ነገር ነውና ቻምበሩን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም። መምህሩ በ4ኛው ላይ አመስግኖ ቢቀበልም፣ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስሕተት ከየት ሊመጣ እንደሚችል ጠየቀ።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሳይታሰብ ከ5ኛው ምላሽ ተገኘ። አንድ ወጣት ነገሩን ለማጣራት ስልኩን ከፍቶ የአዳማን የአየር ሁኔታ አይቷል፤ ስልኩ የነገረው ግፊት 1,018 ሄክቶፓስካል፣ ማለትም 101.8 ኪሎፓስካል ነው። አንጋፋው ባለሙያ 82 እና 83 ያሉት ከየት አምጥተው እንደሆነ እንዲያስረዱ ጠየቀ፤ አጠያየቁ ላይ ትንሽ የድል ስሜት ነበረበት። 6ኛው ምላሽ፣ ከሜትዎሮሎጂ ሙያ የመጣ ሰው ይመስለኛል፣ ረጋ ብሎ አስረዳው። የአየር ትንበያ የሚያሳየው ግፊት ጣቢያው ያለበት ከፍታ ተቀንሶለት፣ ከተማዋ በባሕር ወለል ላይ ብትሆን ኖሮ የሚኖራት ግፊት ነው። እንዲህ የሚደረገው የአዳማና የጂቡቲ አየር በአንድ ካርታ ላይ እንዲነጻጸር ነው። አብራሪዎችም የከፍታ መለኪያቸውን የሚያስተካክሉት በዚህ ዓይነት ቁጥር ነው። ቻምበሩ ውስጥ ያለው አየር ግን ካርታ አያውቅም፤ የሚታዘዘው ክፍሉ ውስጥ ላለው እውነተኛ ግፊት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አንድ ባለሙያ በስሕተት የስልኩን ቁጥር ወስዶ ቀመሩ ውስጥ ቢያስገባ ምን ይሆናል? በ1.23 መባዛት የነበረበት ንባብ ከሞላ ጎደል በ1 ይባዛል። ማሽኑ ከእውነተኛው ጨረር 19 በመቶ ገደማ አንሶ የሚሰጥ ይመስለዋል። ያንን ለማካካስ የሕክምናውን ጊዜ ያስረዝማል፤ በዚያ ክፍል የሚታከም ታካሚ ሁሉ ከታዘዘለት 23 በመቶ ያህል የበለጠ ይወስዳል። በጨረር ሕክምና ከታዘዘው መጠን የሚፈቀደው ልዩነት ለረጅም ጊዜ 5 በመቶ ሆኖ ሲጠቀስ የኖረ ነው። 23 በመቶ አንጀትና አከርካሪ የሚጎዳ ልዩነት ነው። ስሕተቱ ደግሞ በባሕር ዳርቻ ከተማ ላለ ባለሙያ ከቁጥር የማይገባ ሲሆን፣ አዳማና አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ግን ከባድ አደጋ ነው። መምህሩ በክሩ መክፈቻ ላይ የጠቆመው ነገር መነሻው ትክክል ነበር የምለው ለዚህ ነው።

እሱም በ7ኛው ላይ ይህንኑ ይዞ ተመለሰ፤ ሲሊከን ግፊት አይነካውምና እንዲህ ያለ ስሕተት ሊደርስበት እንደማይችል በኩራት ጻፈ። 8ኛው ምላሽ ደገፈው። የክሩ ድምፅ የተለወጠው 9ኛው ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጨረር ሕክምና ክፍል የሚሠራ ሰው መጥቶ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ ዳዮዱ ግሬይ የሚባል ነገር እንደማያውቅ አስታወሰ። ዳዮድ የሚሰጠው ቻርጅ ነው። ያ ቻርጅ ስንት ግሬይ እንደሆነ የሚታወቀው ዳዮዱና ቻምበሩ በአንድ ጨረር ሥር ተቀምጠው ሲነጻጸሩ ነው። ቻምበሩ ደግሞ ቁጥሩን የሚወርሰው መለኪያዎች ከሚመሳከሩበት የደረጃ ላቦራቶሪ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሚለካውም ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቲአርኤስ 398 በተባለው መመሪያ በደነገገው መሠረት፣ ውኃ ውስጥ፣ በተለምዶ በ10 ሴንቲሜትር ጥልቀትና 10 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ የጨረር መስክ ነው። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2024 ታድሷል። ስለዚህ ቻምበሩ በግፊት ምክንያት ከተሳሳተ፣ ከእሱ የተማረው ዳዮድም ስሕተቱን ይወርሳል። ጸሐፊው የጨረሰው ሥራውን ሳያውቁ መሣሪያ መሥራት በሰው ሕይወት ላይ መቀለድ እንደሆነ በመግለጽ ነው። የተናገረው እውነት ቢሆንም አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር፤ 10ኛው ምላሽም ይህንኑ ነግሮታል።

ክርክሩ የበሰለው ከዚያ በኋላ ነው። 11ኛው ጸሐፊ በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰውን አደጋ አነሳ። በሕክምናው ማሽን ውስጥ ጨረር የሚያመነጨው የኮባልት 60 ምንጭ በአዲስ ሲተካ የማሽኑ ጉልበት እንደገና ተለካ። ሰዓት ቆጣሪው 0.3 ደቂቃ ሲያሳይ፣ ይህም 18 ሴኮንድ ማለት ሲሆን፣ ባለሙያው 30 ሴኮንድ አድርጎ ወሰደው። አዲሱ ምንጭ ከእውነቱ ደካማ መሰለ፤ የሕክምናው ጊዜ ተራዘመ፤ ስሕተቱ እስኪታወቅ ድረስም 115 ታካሚዎች ከታዘዘላቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚበልጥ ጨረር ወሰዱ። 11ኛው ጸሐፊ በታካሚው ቆዳ ላይ አንዲት ዳዮድ ብትቀመጥ ኖሮ ነገሩ በመጀመሪያው ቀን ይታወቅ እንደነበር ተከራከረ። 12ኛው ግን ሞገተው፤ ዳዮዷም በአዲሱ የተሳሳተ ልኬት መሠረት ቁጥር ይሰጣት ስለነበር እሷም ዝም ትል ነበር።

13ኛው ሁለቱንም አስታረቀ። የዳዮድ ማስተካከያ ቁጥር የዳዮዱ እንጂ የምንጩ አይደለም። አሮጌው ምንጭ በነበረበት ጊዜ የተሰጣትን ቁጥር ይዛ አዲሱን ምንጭ የምትለካ ዳዮድ፣ የመጀመሪያው ታካሚ ላይ ከሚጠበቀው አንድ ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ንባብ ታሳያለች። ምንጩ ሲቀየር የእሷንም ቁጥር በአዲሱ ልኬት የሚለውጥ ሰው ግን ያለችውን አንዲት ምስክር ዝም ያሰኛል። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ቻምበር የሚሳሳተው በግፊት፣ በሙቀትና በቀመር ነው፤ ዳዮድ የሚሳሳተው ደግሞ በእርጅና፣ በቆዳ ሙቀትና በጨረሩ አቅጣጫ ነው። ሁለቱ በአብዛኛው በአንድ ምክንያት አይሳሳቱም። ጥቅማቸውም አንዱ ሌላውን ሲተካ ሳይሆን፣ ቁጥራቸው በተለያየ ጊዜና በተለያየ እጅ ተይዞ ሲተያዩ ነው።

14ኛውና 15ኛው ወደ ጎን ወጡ፤ ቢሆንም ጠቃሚ ነገር ይዘው ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ትንንሽ የጨረር መለኪያዎችን ለሆስፒታሎች በፖስታ ይልካሉ። ሆስፒታሉ የታዘዘውን መጠን ያስመታቸውና ይመልሳቸዋል፤ ንባቡ ሌላ ሀገር ይነበባል። መጀመሪያ የነበረው ሲሞቅ ብርሃን የሚሰጥ ዱቄት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በመስታወት ተተክቷል። ከፖስታው ጉዳይ ተነስተው ስለጉምሩክ የተጻፉ ጥቂት መስመሮችን ልዝለላቸው።

16ኛው ምላሽ የአንዲት የጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂስት ነው፤ እጇ ላይ ያለ ሥራ መሆኑ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ዳዮዱ ከክፍሉ ጠረጴዛ ተነስቶ በታካሚው ደረት ላይ በፕላስተር ሲለጠፍ ወዲያው መሞቅ ይጀምራል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ20 ዲግሪ ወደ 32 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። የብዙ ዳዮዶች ንባብ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሥራ ሁለት ዲግሪ ማለት 3.6 በመቶ ነው፤ ከተፈቀደው 5 በመቶ ውስጥ ብዙውን ቆዳው ብቻ በላው ማለት ነው። አዳማ በሙቀቷ የታወቀች ከተማ መሆኗን ጠቅሳ፣ ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ በሚቆምበት ክፍል ውስጥ ጠዋት የተለካ ቁጥር ከሰዓት በኋላ እንደማይሠራ አስጠነቀቀች። መምህሩ ግፊትን ሲሸሽ ሙቀት ላይ እንደወደቀ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም፤ ደግሞም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም።

17ኛው የእኔ ነበር። ሲሊከን በጨረር ያረጃል። ጨረሩ የክሪስታሉን አቶሞች ከቦታቸው ያፈናቅላል፤ የተፈናቀሉበት ቦታ ቻርጁ ሳይሰበሰብ የሚቀርበት ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ዳዮዱ በተጠቀሙበት ቁጥር ንባቡ ቀስ በቀስ እየወረደ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የስዊድን ኡፕሳላ ተመራማሪዎች ፒ ዓይነት የሚባለው ሲሊከን፣ የተጨመረበት ባዕድ ንጥረ ነገር ከሚለየው ከኤን ዓይነቱ በተሻለ እንደሚቋቋም አሳይተዋል። አምራቾችም ዳዮዱን ከመሸጣቸው በፊት ሆን ብለው ከፍተኛ ጨረር ያስመቱታል፤ የመጀመሪያው ፈጣን ማሽቆልቆል እንዲያልፍለት ነው። የሲሊከን አቶሚክ ቁጥር 14 ሲሆን ከውኃ ስለሚበልጥ፣ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ ጨረር ሲመጣበት ዳዮዱ ከሚገባው በላይ ያነባል። ከጎን የሚመጣ ጨረር ደግሞ ከፊት ለፊት ከሚመጣው የተለየ ንባብ ይሰጠዋል። እነዚህ ሁሉ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው፤ ለማረም ግን አንድ በአንድ መለካትና መዝግቦ ማቆየት ያስፈልጋል። ዳሳሹን መሥራት የአንድ ሳምንት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ጠባዩን ማወቅ ግን ወራት ይወስዳል። ለአዳማ ወጣቶች ደጋግሜ የምለው ይህንን ነው።

ከ18 እስከ 22 ያለው ክፍል ሞቅ ብሎ ነበር። አንድ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ከውጭ በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ እዚህ መልፋት ከንቱ መሆኑን ጻፈ። ሌላው ተቆጣ፤ የተገዛ መሣሪያ ሲበላሽ መለዋወጫው እስኪመጣ ሥራ እንደሚቆም፣ የሚጠግነው ሰው የሚፈራው ደግሞ ውስጡን አይቶ ስለማያውቅ መሆኑን መለሰለት። አንዱ በስሜት ተነስቶ የአዳማን የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ጠቀሰ፤ 51 ሜጋ ዋትና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩትን ያቆመች ከተማ አንዲት ዳዮድ ሊያቅታት እንደማይገባ ተከራከረ። ተርባይኖቹ ከቻይና የመጡ መሆናቸውን ሌላው ሲያስታውሰው ነገሩ ወደ ንፋሱና ወደ አቧራው ዞረ፤ ከተማዋን ናዝሬት እያሉ የሚጠሩትም ከአዳማዎቹ ጋር ጥቂት ተነታረኩ። የክሩ ጠባቂ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ለመናቸው።

ከዚህ ሁሉ መሐል ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው 21ኛው ነው። አንድ ተማሪ ዳዮዱን ለመሞከር ከጭስ ጠቋሚ መሣሪያ ውስጥ ያለውን አሜሪሲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ፈልቅቆ ማውጣት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። 22ኛውን የጻፉት ቀደም ሲል በ3ኛው የገቡት አንጋፋ ናቸው፤ ያ ሁሉ ጨዋነታቸው እዚህ ላይ አልነበረም። የታሸገ የጨረር ምንጭ መፍታት ሕግም ሕሊናም የሚከለክለው መሆኑን፣ ከአሜሪሲየም የሚወጣው የአልፋ ጨረርም የዳዮዱን የፕላስቲክ ሽፋን አልፎ ሲሊከኑ ጋር እንደማይደርስ በጥቂት ቃላት ነገሩት። ከዚያም በብራዚሏ ጎያኒያ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነውን አስታወሱ፤ ከተተወ የጨረር ሕክምና ማሽን ውስጥ የሲዚየም ምንጭ ፈልቅቀው ያወጡ ሰዎች ከተማውን በክለው አራት ሰው ሞተ። ተማሪው ይቅርታ ጠየቀ። አንቱታቸውን ይዘው ሲቆጡ ማየት አስፈላጊ ነበር እላለሁ።

23ኛው ምላሽ ከአውስትራሊያ መጣ። እዚያ የምትኖር ኢትዮጵያዊት የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ጨረር ፊዚክስ ማዕከል ለዓመታት የሲሊከን ዳሳሾችን ሲያበለጽግ መኖሩን ጻፈች። ከሥራዎቹ አንዱ ሞስኪን ይባላል፤ ሞስፌት በሚባል የትራንዚስተር ዓይነት ላይ የተመሠረተ ቀጭን ዳሳሽ ነው። በትራንዚስተሩ የሲሊከን ኦክሳይድ ውስጥ ጨረሩ የሚተወው ቻርጅ ተይዞ ስለሚቀር፣ ትራንዚስተሩ የሚበራበት ቮልቴጅ ይቀየራል፤ የተወሰደው መጠን የሚታወቀው ከዚያ ለውጥ ነው። በረድፍ የተደረደሩ የሲሊከን ዳሳሾችም አሉ፤ ጠባብ የጨረር መስክ ጠርዙ የት እንዳለ ከሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ይለያሉ። 24ኛው ይህንን አጠናከረ። የፋርመር ቻምበር ርዝመት 2 ሴንቲሜትር አልፎ ይሄዳል፤ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ጨረር ውስጥ ቢገባ ግማሹ ውጭ ይቀራል። ለአንጎል ዕጢ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ጠባብ ጨረር ላይ ሲሊከን አማራጭ ብቻ አይደለም፣ ተመራጭ ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2017 ስለጠባብ መስኮች ቲአርኤስ 483 የተባለ የተለየ መመሪያ ያወጣውም ለዚህ ነው።

መምህሩ በ25ኛው ላይ ወደ ወርክሾፑ ወሰደን። የሚሞክረው ቢፒደብሊው 34 የተባለውን የፎቶዳዮድ ነው፤ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኝ፣ 7.5 ሚሊሜትር ካሬ ስፋት ያለው ሲሊከን። የመጀመሪያው ጠላቱ ብርሃን ሆነ። በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖት እንኳ የወርክሾፑ መብራት በበራ ቁጥር ንባቡ ይዘላል፤ ቀዳዳው የተገኘው ሁለቱ እግሮች በሚወጡበት በኩል ነበር፣ በጥቁር ኢፖክሲ ደፈነው። 26ኛው የ10 ቮልት የኋላ ቮልቴጅ (ዳዮዱ ከሚያሳልፍበት አቅጣጫ በተቃራኒ የሚሰጥ ቮልቴጅ) መጠቀሙን ተቃወመ። በዚያ ቮልቴጅ ዳዮዱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ራሱ 2 ናኖአምፔር (የአምፔር ቢሊዮንኛ) ገደማ፣ መጥፎ ቢገጥም ደግሞ እስከ 30 ናኖአምፔር ያሳልፋል፤ ከኮባልት ማሽን የሚጠበቀው ፍሰት ራሱ ጥቂት ናኖአምፔር ነው። ክፍሉ ሲሞቅ የጨለማው ፍሰት በየ10 ዲግሪው ገደማ በእጥፍ ይጨምራል። መፍትሔው ቮልቴጁን ዜሮ ማድረግና ፍሰቱን ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር በሚባለው የሲግናል ማጉያ እያጠራቀሙ መቁጠር ነው። ለሕክምና የሚሸጡትም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። መምህሩ ይህንን ያለክርክር ተቀበለ።

27ኛው በከተማዋ ሆስፒታል ያለ የራጅ ማሽን ለሙከራ እንዲፈቀድለት እንዲጠይቅ መከረው። 28ኛው ደግሞ ከራጅ የተገኘ ቁጥር ለኮባልት እንደማያገለግል አሳሰበ፤ የራጅ ጨረር ሲሊከን ከሚገባው በላይ የሚያነብበት ዓይነት ነው፤ የኮባልት ጋማ ጨረር ግን 1.17 እና 1.33 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ራጁ የሚጠቅመው ሽቦው መገናኘቱን፣ አምፕሊፋየሩ መቁጠሩን ለማየት ብቻ ነው።

ከዚያ 2ኛውን የጻፈችው ሴት በ29ኛው ላይ ተመለሰች። ዳዮዱ ከታዘዘው የተለየ ነገር ቢያሳይ ሕክምናውን የሚያቆመው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ቴክኖሎጂስቷ በ30ኛው መለሰችላት። ልዩነቱ ከተወሰነው ገደብ ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚታየው ዳዮዱ ራሱ ተንሸራትቶ እንደሆነ፣ ከዚያ የታካሚው አተኛኘትና ከምንጩ ያለው ርቀት፣ ከዚያ የተሰላው ጊዜ ነው። ምክንያቱ ካልተገኘ የሚቀጥለው ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት ፊዚክስ ባለሙያውና ሐኪሙ ይጠራሉ። ማቆም የሚችለው ማንም እዚያ ክፍል ያለ ሰው እንዲሆን አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። እኔ ይህን እንደ አንድ ዋና ክፍል እቆጥረዋለሁ፤ ማንም ሊያቆም የማይደፍርበት ክፍል ውስጥ የተለጠፈ ዳዮድ ምንም አያድንም።

31ኛው የመምህሩ ነው። ቻምበሩን መተው የሚለውን ሐሳብ ትቶት፣ ዳዮዱን ለየዕለቱ ቁጥጥር እንዲሆን አስቦ ሥራውን በቅደም ተከተል አስቀመጠ፤ መጀመሪያ ብርሃንና ጨለማ፣ ከዚያ ከ20 እስከ 36 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያለው ለውጥ፣ ከዚያ አቅጣጫ፣ በመጨረሻ እርጅና። ሰው ላይ እንደማያሳርፈውም ቃል ገባ። በ9ኛው ላይ የተቆጣው የአዲስ አበባ ሰው በ32ኛው ተመልሶ፣ ስለቀደመው ንግግሩ ምንም ሳይል፣ የሙቀቱን መዝገብና የሽቦውን ንድፍ ከላከለት ከታካሚዎች ሰዓት በኋላ ለውኃ ፋንተም (የሰውነት ምትክ ለሆነ የውኃ ገንዳ) ልኬት ጊዜ እንዲፈቀድለት እንደሚጠይቅ ጻፈ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አከለ፤ ዳዮዱ ግፊት ባይነካውም እያንዳንዱ ልኬት አጠገብ በክፍሉ ባሮሜትር የተነበበው ግፊት እንዲጻፍ ነው።

33ኛው ላይ የተነሳው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። ከሕክምናው ክፍል እስከ መቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ገመድ ረጅም ነው፤ በምን ዓይነት ገመድ ይሂድ? በእኔ እምነት ትሪያክሲያል ገመድ፣ ማለትም የመሐሉ ሽቦ በሁለት መከለያ የተሸፈነ ገመድ፣ መሆን አለበት፤ የውስጡ መከለያ ከሲግናሉ እኩል ቮልቴጅ ላይ ሲያዝ የሚያፈሰው ፍሰት በጣም ይቀንሳል። ገመዱ ራሱ ጨረር ሲመታው ቻርጅ ይፈጥራል፤ ስለዚህ መምህሩ ዳዮዱን ከመስኩ ውጭ አስቀምጦ ገመዱን ብቻ በጨረሩ ውስጥ አሳልፎ አንድ ንባብ ይውሰድ። ያ ንባብ ከዳዮዱ ንባብ ግማሽ በመቶ ካለፈ ገመዱ ይቀየር።